እስከ ወፍጮ ቤቱ አርባ በር

ጥቅምት 9 ቀን

ሚጣዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

መጀመሪያ ጉንጭሽን ልሳመው፤ ቁጣሽን ቆየት ብለሽ ታወርጂብኛለሽ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። «እትዬ፣ በሕይወት አለሽ ወይስ ዓሣ ሆነሽ ቀረሽ?» ያልሽው መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ቀጥሎ አስለቀሰኝ። አለሁ። ፊደሌ ተንጋዶ ካየሽው እጄን ገመድ ልጦኝ ነው። ድኗል፤ ጣቶቼ ግን ብዕር ላይ ገና እልኸኛ ናቸው። አጅሬው ባሌም ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል። ሰሞኑን ባሕር አይወርድም፤ ጆሮውን ትንሽ አሞት ነው። ስለ እናታችን ቤት የጻፍሽልኝም ደርሶኛል። ስለሱ ሌላ ጊዜ።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ። ባልሽ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲበይድ ውሎ፣ እሳት ሰለቸኝ ብሎ ውሃ ውስጥ መግባቱ አልገረመኝም። ወደብ ከተማ አዛውረውት ባሕሩን አፍንጫው ሥር እያየ እስከ መቼ ይችለዋል? «ትንፋሽን አምቆ፣ ጦር ይዞ ዓሣ ማደን እብደት አይደለም ወይ?» ብለሻል። አይደለም። እብደቱ ብቻውን የወረደ ቀን ነው።

«እኔ ሸራ ሰፊ ነኝ፣ ጀልባ ላይ ምን እሠራለሁ?» ላልሽው፣ ጀልባ ላይ የምትቀመጥ ሴት ጥላ ይዛ ፀሐይ የምትከልል እንዳይመስልሽ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ታች ያለው ሰው ግማሹ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዋና ተማሪ። አንቺ ወርደሽ ልታወጪው ከማትችዪበት ጥልቀት እሱም አይውረድ። ይህን ስትነግሪው ያኮርፋል፤ ያኩርፍ። ያኮረፈ ባል ራት ሲቀርብ ይመለሳል።

የጦሩን ላስቲክ የሚወጥረው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ጀልባ ላይ በፍጹም። ሲወጣም አላልቶ ይስጥሽ። የወጋውን ዓሣ ወገቡ ላይ አያንጠልጥል፤ ደም ሸትቶት ያልተጠራ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። ለምልክት ከሚንሳፈፈው ቀይ ኳስ ላይ ይሰረው። ጉንፋን ከያዘው ይቅር። ጆሮው አልከፈት ካለውም ይመለስ፤ ከባሕር ጋር ትግል የለም።

አሁን ምስጢሬን ልንገርሽ። ስንት እንደቆየ እንዴት አውቃለሁ? ቁጥር ይምታታብኛል፤ በሒሳብ ስንት ጊዜ እንዳንበረከኩኝ አንቺ ምስክር ነሽ። ስለዚህ የምቆጥረው ሰፈራችንን ነው። እሱ ጭንቅላቱን ወደ ታች ሲደፋ እኔ ያደግንበት ሰፈር መግቢያ፣ ቧንቧው ጋ እቆማለሁ። ከዚያ በቀኝ በኩል በር በበሩ «ቤቶች! ደህና አደራችሁ?» እያልኩ እሄዳለሁ። ጫማ ሰፊው ቤት፣ «ቤቶች! ደህና አደራችሁ?» ሰዓት ሠሪው ቤት። ከመስኮት የማትነሳዋ መበለት። ዳቦ ቤቱ። ዝግ ብዬ፣ አንዱንም ሳልዘል። ሃያ ሰባተኛው የመንትዮቹ ቤት፣ ሃያ ስምንተኛው የኛ አረንጓዴ በር፣ አርባኛው ወፍጮ ቤቱ። ወፍጮ ቤቱ ስደርስ ከሱ ጋር የታሰረውን ገመድ ሁለት ጊዜ እስባለሁ። «ዓሣውን ተወውና ና» ማለት ነው።

ወጥቶ በጣቱ ቀለበት ሠርቶ «ደህና ነኝ» ሲለኝም ቆጠራዬ አያልቅም። ዓይኔን ከፊቱ ሳልነቅል አሥራ አምስት በር ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ባሕር ሰውን የሚወስደው ታች ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ከወጣና ከሳቀ በኋላም ነው። ከዚያ የቆየበትን እጥፍ ሳያርፍ ዳግመኛ አይወርድም።

ይህን ሁሉ ፈርተሽ እንድትቀሪ አይደለም የምጽፍልሽ። ሰው ውሃው ላይ ተኝቶ ሲረጋ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሲስብ፣ ከዚያ ሲጎነበስና ሳይረጭ፣ ሳይጮህ ሲሰወር፣ ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት አይቼው አሁንም አፌን እከፍታለሁ።

እትዬሽ

—

ጥቅምት 29 ቀን

እትዬ፣

አፌን ከፍቼ ልሳደብ ስል ደብዳቤሽ መጣና ዘጋኝ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ግማሹን።

ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሰፈር ቆጠራሽ ላይ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እህትሽ ባሕር ላይ ጎረቤት ትጠይቃለች እንዴ?» ይለኛል። ሰዓት ገዝቷል፤ ጥልቀቱን የሚናገር፣ ሲቆይ ሲጥ ሲጥ የሚል። «አንቺ ሸራሽን ስፊ፣ እኔን ሰዓቱ ይጠብቀኛል» ብሎ ቁጭ። ከመውረዱ በፊት ደግሞ እንደ ወናፍ በኃይል በኃይል ይተነፍሳል፤ አንድ የሥራ ባልደረባው «ትንፋሽ ያስረዝማል» ብሎታል። ሲያደርገው ከንፈሩ ይደነዝዘዋል። ደግ ነገር ነው?

ዋናውን ከዓሣ ቸርቻሪዋ ጎረቤቴ ጋር ጀምሬያለሁ። ድንጋይ ሲዋኝ አይተሽ ካላወቅሽ ነይና እኔን እዪ።

አሁን ያልወጣልኝን ልጠይቅሽ። በእናንተ በኩል ያለፈ የጭነት መኪና ሾፌር ጀልባችሁን አሸዋ ላይ ተገልብጣ አያት። አንቺን ደግሞ ዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት፣ ሚዛን ላይ። ጋሼን ያመመው ጆሮ ምን ዓይነት ጆሮ ነው እትዬ፣ ጀልባ የሚገለብጥ?

ሚጣ

—

ኅዳር 14 ቀን

ሚጣዬ፣

አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ዓይንሽ ቀዳዳ አይስትም። ጀልባዋ ቀለም እየተቀባች ነው። እኔም ሚዛን ላይ የቆምኩት እጄ ሥራ እንዳይፈታ ነው፤ ማቀዝቀዣ ቤቱ ለሙቀት ጥሩ ነው፣ ሁለት ሹራብ ለብሼ በረዶ እረግጣለሁ። ይኸው ነው። ይልቅ ስለ ትንፋሹ ስሚኝ፣ ይህ አያስቀልድም።

ያ የወናፍ ትንፋሽ ይቅር! አሁኑኑ! የሰው ደረት ውስጥ «ውጣ፣ ተንፍስ» እያለ የሚደበድብ ዘበኛ አለ። እንደዚያ መተንፈስ አየር አይጨምርለትም፤ ዘበኛውን ያስተኛዋል። ከዚያ ሌባው ሲገባ የሚጮህ የለም። ሰውዬው ምንም ሳይጨንቀው፣ እንዲያውም ደስ እያለው፣ መብራቱ ድርግም ይላል። አጅሬው ከመውረዱ በፊት እንቅልፍ ሊወስደው እንዳለ ሰው ነው የሚተነፍሰው፣ ዝግ ብሎ። ከንፈር ደነዘዘ ማለት ባሕሩ ራሱ «ተው» አለ ማለት ነው።

ሌላው የእርሳስ ቀበቶው ነው። ለመስጠም የሚረዳው ክብደት መልሶ እንዳይቀብረው፣ በአንድ እጅ፣ አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ይሁን። ዓይንሽን ጨፍነሽ መፍታት እስክትችዪ ተለማመጂ፤ አልጋ ላይ አስተኝተሽውም ቢሆን። ጎረቤት ምን ይለናል አትበዪ። ደግሞ ጨክኖ ብዙ እርሳስ አይታጠቅ፤ ውሃው ላይ ትንፋሹን አውጥቶ እንኳ ሳይሰጥም መንሳፈፍ አለበት።

ሰዓቱን አልንቅም። ግን የሚጠብቅ ነገር ዓይን ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከሰባት ዓመት በፊት ባሕሩ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። እሱ ታች ነው፣ እኔ ጫማ ሰፊውንና ሰዓት ሠሪውን ሰላም ብዬ አልፌያለሁ። ድንገት ከጀልባዋ ሥር ጥላ ገባ። ደመና መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መነጽሬን አድርጌ ፊቴን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። ሚጣዬ፣ ከቤታችን ጣራ የሚሰፋ ጠፍጣፋ ፍጥረት ክንፉን እያርገበገበ ያልፋል። ክንፉን አንዴ ሲያነሳ፣ አንዴ ሲያሳርፍ፣ የቸኮለበት ነገር የለም። ጀርባው ላይ የፀሐይ መረብ ይሯሯጣል። አጅሬው ታች አሸዋው ላይ ጦሩን አስተኝቶ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው እንደሚነሳ ሰው። እስኪያልፍ አልተነቃነቀም። ሲወጣ «ስንተኛው በር ላይ ነሽ?» አለኝ። «ዳቦ ቤቱ» አልኩት። «እኔ ዕድሜ ልኬን የቆየሁ መስሎኝ» አለኝ። ያን ቀን ሌላ አላደንንም፤ ከዚያ በኋላ ጦር መወርወር ያስነውር ነበር።

እሺ? ዋናሽን በርቺ። ድንጋይም ሲሞቀው ይንሳፈፋል።

እትዬሽ

—

ኅዳር 30 ቀን

እትዬ፣

ይህ አጭር ነው።

ቅዳሜ ባሌ ብቻውን ሄደ። «ዋና ሳትጨርሺ ጀልባ ላይ አትወጪም ያለችው ያንቺው እህት ናት፤ ታዲያ እስክትጨርሺ እኔ ቁጭ ልበል?» ብሎ በራስሽ ቃል ዘጋኝ። እኔ ባሕሩ ዳር ድንጋዩ ላይ ሆኜ ቀዩን ኳስ ብቻ አየሁ። ሰፈራችንን ቆጠርኩ። ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ የወፍጮ ቤቱን ጓሮ አልፌ፣ ስሙን የማላውቀው መንደር ገባሁ፤ ያኔ ጭንቅላቱ ብቅ አለ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ ይዞ እየሳቀ መጣ። ከአፍንጫው ደም ይወርድ ነበር። ሌሊቱን ራሱን ይዞ አደረ። በሚመጣው ወርም ከዚያ ጥልቅ ወደሆነው ቦታ እሄዳለሁ ይላል።

የወናፉን ነገር ነገርኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? «የሴት ወሬ ነው። ጋሼ ሃያ ሁለት ዓመት የወረደ ሰው ነው፤ እሱ በራሱ እጅ ከጻፈልኝ እሰማለሁ። ለምን አይጽፍም?»

እኔም የምጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ለምን አይጽፍም? ቀለም ይህን ያህል አይፈጅም እትዬ። ነፍሱ ካለች አለች በዪኝ፤ ከሌለችም ንገሪኝ። እውነቱን እስክትጽፊ ጀልባ ላይ አልቀመጥም።

ሚጣ

—

ታኅሣሥ 11 ቀን

ሚጣዬ፣

ነፍሱ አለች። ይኸው አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ፉት ይላል፤ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ራሱ ይጽፋል። ማልቀስሽን ተይና ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ጆሮው ደህና ነው። ጀልባዋም ቀለም አልተቀባችም። የገለበጥኳት እኔ ነኝ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ወደ ባሕር ልንወጣ ስንል ደብዳቤሽ ደረሰኝ። መንገዱን ሊያሰፉ ቤታችንን እንዳፈረሱት፣ አረንጓዴው በር ግን ግድግዳው ሁሉ ወድቆ ለብቻው እንደቆመ፣ ማታ እሱንም ጭነው እንደወሰዱት የጻፍሽው። አንብቤ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ለአጅሬው አልነገርኩትም፤ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ልቡ መከፈል የለበትም ብዬ። የላይኛዋም ልብ መከፈል እንደሌለበት ረሳሁ።

በሦስተኛው መውረጃው ነው። ጫማ ሰፊውን ሰላም አልኩ፣ ዳቦ ቤቱን፣ መንትዮቹን። ሃያ ስምንተኛው በር ላይ «ቤቶች!» አልኩ። ሚጣዬ፣ ከውስጥ «ግቢ» አለችኝ።

ገባሁ። እናታችን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቢላዋው ጣውላውን ሲመታ ይሰማኛል። አንቺ ጠረጴዛ ሥር ነሽ፣ አንድ እግር ካልሲሽ ጠፍቶ። ተቀመጪ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። ቆምኩ። ስንት እንደቆምኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያነቃኝ ኳሱ ጀልባዋን መታ ሲያደርጋት ነው። ገመዱን ሁለቴ አይደለም፣ አሥሬ ሳብኩት።

እሱ ታች አንድ ትልቅ ዓሣ አለት ሥር ገብቶበት ይታገላል። ደረቱ «ውጣ» ብሎታል። «እሷ ካልሳበች ገና ነው» ብሎ ቆየ። ከገዛ ደረቱ ይልቅ እኔን አመነ።

ወጣ። በጣቱ ቀለበት ሠራ። ሳቀም። እኔ አፍሬ፣ ደንግጬ፣ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፤ ያዳነው ይኸው ነው። አንድ በር፣ ሁለት በር። ስድስተኛው ላይ፣ ፈገግታው ከፊቱ ሳይወርድ፣ ዓይኑ ሄደ። ጩኸት የለ፣ አረፋ የለ። ሰጠመ።

ዘልዬ ገባሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ባሕሩ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ብርሃኑ ከላይ እንደ ረጃጅም ዘንግ ተተክሏል። ብርማ ትንንሽ ዓሦች ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁለት። እሱ እጁን ዘርግቶ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን፣ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ባሕሩ አልተቆጣም፣ አልጨከነም። ዝም ብሎ ይቀበለው ነበር። ፈራሁት። እንደዚያ ያማረ ነገር እንደዚያ ግድ ሲያጣ አይቼ አላውቅም።

ሁለት ሰው ቁመት ሳይወርድ ያዝኩት። ቀበቶውን አንዴ ሳብኩት፣ ተፈታ። ባይፈታ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ጥቁር ለብሼ ነበር። አገጩን ይዤ አወጣሁት፤ በሌላው እጄ ኳሱን ስይዝ ነው ገመዱ መዳፌን የላጠው። መነጽሩን ገፈፍኩለት፣ ጉንጩን መታ መታ አደረግኩት፣ ፊቱ ላይ እፍ አልኩበት፣ «ተንፍስ! ተንፍስ አንተ!» አልኩት። ሰማያዊ የነበረው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና ሳበ። አንዲት ትንፋሽ። ከዚያች በላይ የሚያምር ድምፅ ካለ አላውቅም።

ጀልባዋ ውስጥ አስተኛሁት። ቀጥሎ «የት ደርሰሽ ነበር?» አለኝ።

«እናቴ ቤት» አልኩት።

ሰማዩን እያየ፣ «ታዲያ ሰላም አላልሽልኝም?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተቀመጥኩም። ሐኪሙ አሁን ደህና ነህ ብሎታል፤ እኔ ግን ቆጠራ ስጀምር ሃያ ስምንተኛው ጋ ባዶ መሬት ይጠብቀኛል። የማልችለውን ነገር አንቺን «አድርጊ» እያልኩ ስጽፍልሽ ነበር፤ እፍረቴ ይኸው ነው። ያልነገርኩሽ ደግሞ ደብዳቤዬ ሊገድለው ነበር ብለሽ እንዳታስቢ ነው። ደብዳቤሽ አይደለም። የቆምኩት እኔ ነኝ።

እትዬሽ

ወንድሜ በያጁ፣ እኔ ለመጻፍ ሰነፍ ነኝ፣ አጭሩን ልንገርህ። እኔም ሰዓት ነበረኝ። ታች ሲጮህ ሰምቼ ናቅሁት። ላይ ራሴን ስስት ደግሞ ጭራሽ አልሰማሁትም። ሰዓት ይጮኻል እንጂ ዘሎ አይገባም። ሚስቴ ጥፋቱን ለብቻዋ ጠቅልላዋለች፣ አትስማት፤ ዓሣው ትልቅ ነበር፣ እኔም ስስታም። በአፍንጫህ ደም መጣ ማለት ጆሮህ ሳይከፈት ገፍተሃል ማለት ነው። ብቻህን ከወረድክ ዳግመኛ ወንድሜ አትበለኝ።

—

ጥር 6 ቀን

እትዬ፣ ጋሼ፣

ሁለታችሁንም አንድ ላይ አንገታችሁን አቅፌ ልሳማችሁ። ቀጥሎ ደግሞ ልምታችሁ። አራት ወር ይደበቃል?

ደብዳቤውን ሳላነብለት ለባሌ ሥራ ቦታው ወሰድኩለት። የመበየጃ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ ገልብጦ፣ ቆሞ አነበበው። «ስስታም» የምትለዋ ላይ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ማታ መጣ፣ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ዋናሽ የት ደረሰ?» አለኝ።

አሁን ከክሬን ሾፌሩ ጓደኛው ጋር ሆነዋል። አንዱ ሲወርድ አንዱ ላይ ሆኖ ያያል፤ ሁለቱ አብረው አይወርዱም። ጥልቁ ቦታ ቀርቷል። እኔ ከጀልባዋ ጫፍ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ መነጽሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ገመዱን እይዛለሁ። ወናፉ ተሽጧል በዪው።

ስለ በሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። መጀመሪያ የቆጠርኩ ቀን እኔንም ሃያ ስምንተኛው ላይ ያዘኝ። ባዶውን መሬት ያየሁት እኮ በዓይኔ ነው። ግን ትዝ አለኝ። ማታ ማታ እናታችን የምትጠራን የት ቆማ ነበር? በሩ ላይ አልነበር? «ይበቃችኋል! ግቡ!» እያለች። ወፍጮ ቤቱ ድረስ መሄድማ ያኔም ተከልክለን ነበር። አርባ በር ማን ፈቀደልሽ እትዬ?

ገመዱን የምስበው አሁን እዚያ ነው። አረንጓዴው በር ላይ።

ሚጣ

—

ጥር 24 ቀን

ሚጣዬ፣

የመጨረሻዋን መስመርሽን አንብቤ ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ጣልኩት። የማቀዝቀዣ ቤቱ ኃላፊ «ስንት ይመዝናል?» ብሎ ቀለደብኝ። ተነስቼ ሄድኩ።

ጀልባዋን ሁለታችን መልሰን አቀናናት። ሥሯ ሸርጣን ቤት ሠርቶ ነበር፤ አጅሬው «ኪራይ ሳይከፍል!» ብሎ አባረረው። ባሕሩ ረግቷል። ቦታውን ከድሮው እኩሌታ ጥልቀት መረጥን። እሱ ውሃው ላይ ተኛ፣ ዝግ ብሎ ተነፈሰ። ቀና ብሎ አየኝና «መሄድ ትችያለሽ?» አለኝ። ቧንቧው ጋ ቆምኩ። ጎነበሰና ሄደ።

ፊቴን ነከርኩ። ከአምስት ወር በኋላ ያን ሰማያዊ አየሁት። ያው ነው፤ ብርሃኑ እንደ ዘንግ፣ ብርማዎቹ ትንንሾች፣ ያ ስፋት፣ ያ ዝምታ። የሆነብንን አያስታውስም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። አፌ ውስጥ «ቤቶች!» እያልኩ ሄድኩ። ጫማ ሰፊው። ሰዓት ሠሪው። መበለቷ። ዳቦ ቤቱ። እግሬ ከበደ። መንትዮቹ።

ሃያ ስምንተኛው።

በሩ ቆሟል፣ አረንጓዴ። እናታችን ግቢ አላለችኝም። በሩ ላይ ወጥታ ነበር፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

ሁለት ጊዜ ሳብኩ።

ታች ቀና ሲል አየሁት። አንድ ቆንጆ ዓሣ ከፊቱ ነበር። ተወው። እግሩን ዝግ እያደረገ፣ በብርሃኑ መሃል፣ ወደ እኔ መጣ። ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ፣ ተነፈሰ፣ በጣቱ ቀለበት ሠራ።

«ዛሬስ ሰላም አልሽልኝ?» አለኝ።

ፊቱን እያየሁ ነበር፤ ወደ ኋላ ገና ዘጠኝ በር ይቀረኝ ነበር።

እትዬሽ